ሰሙን ሣሉት፣ ወርቁን ለአንባቢ ተዉት፦ የተቃውሞ ካርቱን አሠራር

ጎጃም ውስጥ ለካርቱን አንባቢ ፍለጋ አይኬድም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እየተባለ የቅኔ ቤት በሚቆጠርበት አገር፣ የቅኔ ቤት ደጅ ያልረገጠ ሰው እንኳ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲይዝ ጆሮው ቀጥ ይላል። ችግሩ ሠዓሊው ጋ ነው። ሰሙንም (ላይ ላዩን ትርጉም) ወርቁንም (የተሰወረውን ትርጉም) አንድ ላይ ይዘረግፍና፣ እንዳይበቃው ቦርጩ ላይ «ስግብግብነት»፣ ቦርሳው ላይ «ሙስና» ብሎ ጽፎ ያመጣዋል። አንባቢው የሚፈታው ነገር ስላጣ አንድ ጊዜ አይቶ ያልፋል።

ከዚህ በታች ያለው ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ተቀምጦ፣ በወረቀት፣ በቻይና ቀለምና በሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ለሚሠራ ሰው የተጻፈ ነው።

ጉዳዩን ማጥበብ

«መንግሥት» አይሣልም፤ «ሙስና»ም አይሣልም። የሚሣለው አንድ ድርጊት ነው፦ ማክሰኞ ይታደላል ተብሎ ያልታደለ ማዳበሪያ፣ ሪባን ተቆርጦለት ጠብታ የማይወርደው ቦኖ፣ አንድ ፊርማ ለማግኘት አምስት ቢሮ የሚያዞር ደብዳቤ። ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ባለቤት፣ ግስና ቀን ከሌለው ገና አልበሰለም።

ማስረጃውን ከሥዕሉ በፊት ያዙ፦ የማስታወቂያው ፎቶ፣ ደረሰኙ፣ የንግግሩ ቅጂ። ካርቱን ያጋንናል እንጂ ወሬ አይፈጥርም። የሹሙ ወንበር ጣሪያ ሊነካ ይችላል፤ ያልተከለከለ ነገር ተከለከለ ብሎ መሣል ግን ቀልድ አይባልም። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የሚገባው ሰውየው በእርግጥ ያለው ብቻ ይሁን። እናንተ ያስባላችሁትን ያለ ጥቅስ በአረፋ ውስጥ አድርጉት። ይህን ልዩነት ያልጠበቀ ሠዓሊ አንድ ቀን በአንዲት ቃል ስህተት እውነቱን ሁሉ ያስጥላል።

ኅብረ ቃሉን ማግኘት

ኅብረ ቃል ሰሙንም ወርቁንም የሚሸከመው ባለ ሁለት ትርጉም ቃል ነው። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከጠቅላላው ጊዜያችሁ ግማሹን ለዚህ ስጡ።

በአንድ ወረቀት ላይ በጉዳዩ ዙሪያ የሚነገሩ 20 ቃላት ጻፉ። የእናንተን ቃል ሳይሆን ወረፋ ላይ የሚባለውን፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን፣ ሹሙ ስብሰባ ላይ የሚደጋግመውን ልቀሙ። የማዳበሪያን ጉዳይ ብንይዝ፦ ወረፋ፣ ዝርዝር፣ ኩንታል፣ ዩኒየን፣ ቀበሌ፣ ማኅተም፣ ነገ፣ ስብሰባ፣ ደረሰ፣ ማዳበሪያ… ከዚያ እያንዳንዱን ቃል «ሌላስ ምን ማለት ነው?» እያላችሁ ጠይቁት። «ደረሰ» ይሰጣል፤ ዕቃም ይደርሳል፣ እህልም ይደርሳል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዓይናችን ሥር ያለው ነው። ማዳበሪያ መሬት ላይ የሚበተነው ነው፤ ማዳበሪያ ደግሞ ገበሬው እህል የሚሞላበት፣ ዝናብ ሲመጣ ራሱ ላይ የሚያጠልቀው ጆንያም ነው።

ኅብሩ ተገኘ ማለት ነው። አሁን ሥዕሉ ራሱ ይመጣል። ገበሬው ባዶውን ጆንያ ታችኛውን ጫፍ ይዞ ገልብጦ ያራግፈዋል፤ ከጆንያው አፍ አንዲት ገለባ ትወድቃለች። ከጠረጴዛው ማዶ ሹሙ ቀና ሳይል፦ ማዳበሪያው ደርሷል አልኩ እኮ! ሰሙ ጆንያው ነው፤ ወርቁ ያልመጣው ማዳበሪያ። ልብ በሉ፣ ሹሙ አልዋሸም። የሥዕሉ ጥርስ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ «ዋሾ ነው» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ እውነት ተናግሮ እንዲጋለጥ ተደርጓል።

ይህን ሥዕል የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጆንያው ላይ «ባዶ» ብሎ መጻፍ ነው፤ ወርቁን ማውጣት የአንባቢው ድርሻ ሆኖ ሳለ ይነጠቃል። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ጆንያው የምን ጆንያ እንደሆነ ካልታወቀ የጤፍ ጆንያ ይመስልና ኅብሩ ይሞታል። ስለዚህ ጎኑ ላይ «ዩሪያ 50 ኪሎ» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ይታተም። ጽሑፍ ሰሙን ሲያጠራ ይጠቅማል፤ ወርቁን ሲናገር ይገድላል። ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ መያዝ ካለባችሁ ይህንኑ ያዙ።

ሁሉም ኅብር ለሥዕል አይሆንም። በጆሮ ብቻ የሚሠራ፣ ሰሙ የማይጨበጥ ቃል ለቅኔ ቤት ይተው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍኑት። የቀረው ቆመው የሚያወሩ ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆነ ቀልድ እንጂ ካርቱን አልሠራችሁም። «ገመድ» ግን ፈተናውን ያልፋል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብሩ ላይ ሲነሣ፣ ከግብሩ በላይ ያስፈራው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይፈርስ ነበር። ገመድ መሬት ይለካል፣ እጅም ያስራል፤ ስለ መሬት ልኬታ ዛሬ የምትሥሉት ነገር ካለ ቃሉ እጃችሁ ላይ ነው። ያዘነበለ ሚዛንንና የአዞ እንባን የመሰሉ የተሰለቹ ምልክቶችን ግን እባካችሁ አሳርፏቸው።

ማንም ሊደግመው የሚችል ምልክት

የተቃውሞ ሥዕልን ሥር ነቀል የሚያደርገው የስድቡ መክረር አይደለም፤ ከሠዓሊው እጅ ወጥቶ በሌሎች እጅ መደገሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 ፓሪስ ውስጥ ሻርል ፊሊፖን የተባለ ጋዜጣ አሳታሚ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን በሥዕል አዋረድህ ተብሎ ችሎት ቀረበ። እዚያው በአራት ሥዕል የንጉሡን ፊት ደረጃ በደረጃ ወደ ፒር ለወጠው፤ ፒር ከላይ ጠቦ ከታች የሚሰፋ ፍሬ ነው። መከራከሪያው ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ሥዕል ወንጀል ከሆነ ፍሬውም ወንጀለኛ ሊሆን ነው። ከቅጣት አላመለጠም፤ ፒሩ ግን በከተማው ግድግዳ ሁሉ ላይ ተሣለ። ለመሣል ሁለት መስመር ይበቃው ነበርና።

ከዚህ የሚወሰደው ልክ፦ የዋና ገጸ ባሕርያችሁ ምልክት ከአምስት መስመር አይብለጥ። ለጓደኛ አንድ ደቂቃ አሳዩትና ወረቀቱን ወስዳችሁ በቃሉ እንዲሥለው ጠይቁ። ካቃተው ምልክቱ ተወሳስቧል።

ምልክቱ ከሰውየው ድርጊት ወይም ከራሱ አፍ ይምጣ። ደቡብ አፍሪካዊው የካርቱን ሠዓሊ ዛፒሮ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነውን ጃኮብ ዙማን ራሱ ላይ የሻወር ቧንቧ ተክሎ ይሥለው ነበር፤ ዙማ ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ ሻወር ከተናገረው የተወሰደ ነው። የተወለደበት ብሔር፣ ሃይማኖቱ፣ የአካል ጉዳቱ፣ የእናቱ ነገር ምልክት አይሆንም። ጨዋነት ብቻ አይደለም ነገሩ፤ በትውልድ የተሰደበ ሹም ወገኑን ሁሉ ከኋላው አሰልፎ ስለ ማዳበሪያው መጠየቁ ይቀርለታል። ሰውን ጅብ፣ ተባይ፣ እባብ አድርጎ መሣልም እንዲሁ ነው፤ ግለሰቡን ብላችሁ የሣላችሁት በማግስቱ ሕዝብ ላይ ይለጠፋል።

ፊት፣ ልብስ፣ መጠን

ዘጌ ያለችውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የጎበኘ ሰው ግድግዳው ላይ ያየው ሕግ አለ፦ ቅዱሳን ፊታቸውን መልሰው በሁለት ዓይን ያዩናል፤ ክፉዎች በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ገበሬውን ባለ ሁለት ዓይን፣ ሹሙን በጎን አድርጉት፤ ቀንድና ጅራት አያስፈልግም። ራሱን ጻድቅ አድርጎ ለሚያይ ባለሥልጣን ደግሞ ሁለቱንም ዓይን ሰጥታችሁ፣ በራሱ ዙሪያ ያለውን የብርሃን አክሊል የመሥሪያ ቤቱ ክብ ማኅተም አድርጉት። እውነተኛ ቅዱሳንንና ታቦትን ግን ወደዚህ አታስገቡ፤ ክርክሩ ወዲያው ስለ ድፍረታችሁ ይሆናል።

ከፊት የሚጋነነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አፍንጫውንም ጆሮውንም አገጩንም ካሳደጋችሁ ማንንም አይመስልም። አንዱን ስታሳድጉ አጠገቡ ያለውን አሳንሱ። ራስ የቁመቱን ሲሶ ያህል ይያዝ፤ በትንሽ ወረቀት ላይ ስሜት የሚነበበው ያኔ ነው።

በጣም የተለመደው ጥፋት የተበዳዩ አሣሣል ነው። የተቀዳደደ ልብስ፣ የጎበጠ ወገብ፣ የሚያለቅስ ዓይን፤ ይህ ምጽዋት እንጂ ተቃውሞ አይጠይቅም። የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ጋቢውን ጣል አድርጎ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቀጥ ብሎ ይቁም። የሚያስቀው ሹሙ ነው፦ ኮቱ ሰፍቶት፣ ባጁ ደረቱን ሸፍኖት፣ አጀንዳውን እንደ ጋሻ አቅፎ። ወንበሩ ሲተልቅና እግሩ መሬት ሳይነካ ሲንጠለጠል ሥልጣኑ ከሰውየው እንደሚበልጥ ያለ ቃል ይነበባል።

በተከታታይ የምትሠሩ ከሆነ ጥግ ላይ አንድ ታዛቢ ይኑራችሁ። የፍልስጤሙ የካርቱን ሠዓሊ ናጂ አል ዓሊ ሐንዘላን፣ ጀርባውን ሰጥቶን የቆመውን የአሥር ዓመት ልጅ፣ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ፈጥሮ እስከ መጨረሻው አልተለየውም። እኛ የራሳችን አለን፤ የድሮ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ጅራፉን የያዘ ትንሽ እረኛ በየሥዕሉ ጥግ ቢቆም፣ ዝም ቢል እንኳ አንባቢው ምን እንዳለ ይጠይቃል።

ብዕርና ወረቀት

መጀመሪያ 12 ትንንሽ ንድፎች፣ እያንዳንዳቸው በ5 በ7 ሴንቲ ሜትር፣ ለአንዱ ከሦስት ደቂቃ ሳይበልጥ። የመጀመሪያዎቹ አራት ማንም የሚያስባቸው ስለሚሆኑ እዚያ ላይ አታቁሙ።

ለመስመሩ የመቃ ብዕር የሚተካከለው የለም፤ ደብተራ የሚጽፍበት ያው ነው። በደንብ የደረቀ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው መቃ በ15 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ጫፉን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አጋድማችሁ ጥረቡ፣ የውስጡን ለስላሳ ክፍል ፍቁ፣ አፉን 2 ሚሊ ሜትር እስኪሰፋ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት። ከዚያ መሐሉን በምላጭ 1 ሴንቲ ሜትር ሰንጥቁ፤ ቀለሙን የሚያወርደው ስንጥቁ ነው። ከዚያ ከረዘመ ሁለቱ ጥርሶች ሲጫኑ ይከፈቱና ቀለም ይረጫሉ፤ ካጠረ በየሁለት ፊደሉ ይደርቃል። ጎን ለጎን ሲሳብ ቀጭን፣ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም የሚሆነው መስመር ለግእዝ ፊደልም ለኮት እጥፋትም ያምራል።

ቀለሙ የቻይና ጥቁር ቀለም ይሁን። ሰማያዊ እስክሪብቶ ፎቶ ኮፒ ላይ ይገረጣል። ይህንኑ ጉድለት ግን መጠቀም ይቻላል፦ ንድፉን በፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ ከሠራችሁት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ አብዛኛውን ጊዜ አያነሣውም፤ ላጲስ አያስፈልግም። ተራው 80 ግራም ወረቀት በቀለም ይኮማተራል፤ 160 ግራምና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ክረምት ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ቀለሙ የደረቀ መስሎ እጅ ሲነካው ይጨማለቃል፤ አንድ ሰዓት ሳይቆይ አትንኩት።

ሥዕሉን በኤ4 ሠርታችሁ ወደ ኤ5 ስታሳንሱት 71 በመቶ ይሆናል። ዋናው ላይ በጣም የቀጠነ መስመር ሊጠፋ ይችላል፤ በጣም የተቀራረበ ጭረት ደግሞ ተዋህዶ ጥቁር ሊሆን ይችላል። በእርሳስ ጥላ አትሥሩ፤ ፎቶ ኮፒው ግራጫውን ቆሻሻ ያደርገዋል።

ፊደሉን በቅድሚያ ጻፉ፣ አረፋውን በኋላ ክበቡበት። አረፋውን አስቀድሞ ሥሎ ቃል መጠቅጠቅ የጀማሪ ሁሉ ጥፋት ነው። ታትሞ ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ፊደል ሉ እና ሊ፣ ቡ እና ቢ አይለይም፤ አንዷ ቅጥያ ጠፍታ ትርጉሙ ይገለበጣል። ለአንድ ሥዕል 12 ቃል ይበቃል። የሹሙ አፍ ላይ የቢሮ አማርኛ («ከሚመለከተው አካል ጋር እየተነጋገርን ነው»)፣ የገበሬው አፍ ላይ የሰፈሩ አነጋገር ይሁን፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ካወሩ ከሁለቱም ጀርባ የሚሰማው ሠዓሊው ነው።

ከማባዛታችሁ በፊት ጉዳዩን ለማያውቁ ሦስት ሰዎች አሳዩ፤ አታስረዱ፣ «ምን ይላል?» ብቻ በሉ። ሁለቱ ከሳቱት አስተካክሉ። አንዱ «ሹሙ ጎበዝ ነው» ካለ ደግሞ ከመሠረቱ ጀምሩ፤ ሹሙ በጣም የሚወደድ ሆኖ ተሥሏል ማለት ነው።

ባለ ስምንት ገጽ ትንሽ ጥራዝ

አንድ ኤ4፣ በአንድ ፊት ብቻ ተባዝቶ፣ ኪስ የሚገባ ስምንት ገጽ ይወጣዋል። ወረቀቱን አግድም አድርጋችሁ በስምንት እኩል ቦታ እጠፉ፤ እያንዳንዱ ገጽ 7.4 በ10.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የታችኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 8፣ 1፣ 2፣ 3 ነው። የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 6፣ 5፣ 4 ሆኖ ተዘቅዝቆ ይሣላል። በአግድሙ መሐል መስመር ላይ፣ ሁለቱን መሐለኛ ገጾች ከላይ ካሉት የሚለየውን ክፍል ብቻ በመቀስ ክፈቱ። ከዚያ በረጅሙ አጥፋችሁ ከሁለት ጫፍ ስትገፉት መሐሉ ተከፍቶ መስቀል ይሆናል፤ ገጽ 1ን ፊት አድርጋችሁ ጠቅልሉ።

ማሽኑ የወረቀቱን ጠርዝ ስለማያትም በየገጹ ዙሪያ 8 ሚሊ ሜትር ባዶ ተዉ። የተዘቀዘቀውን ረድፍ የረሳ ሰው ግማሽ ጥራዙ ተገልብጦበት 50 ቅጂ ይጥላል፤ አንድ አባዝታችሁ፣ አጥፋችሁ፣ አንብባችሁ ቀጥሉ። ገጽ 4ና 5 ሲከፈቱ ጎን ለጎን ስለሚወድቁ ትልቁን ሥዕል እዚያ አኑሩት።

ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ፣ ሦስት ኩባያ የፈላ ውኃ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ እስኪወፍር አብስሉ። በደረቅ ዱቄት ላይ የፈላ ውኃ ከፈሰሰ ይጓጉላል። ሙጫው በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ባለቤቱ የፈቀደላችሁን ግድግዳ ምረጡ።

ስልክ ላይ

በጥላ፣ በመስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሡ። ቴሌግራም ላይ በፎቶ መልክ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል፤ በፋይል ከላካችሁት ጥራቱ ይጠበቃል፣ ግን ፎቶው የት፣ መቼና በምን ስልክ እንደተነሣ የሚናገረው መረጃም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሥዕሉን ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ስክሪንሾት አንሡና እሱን በፋይል ላኩት። ጽሑፉንና ምልክቱን ከሥዕሉ ጠርዝ አርቃችሁ መሐል አካባቢ አድርጉ፤ ሰው ለሰው ሲያጋራው እየተቆረጠ መሄዱ አይቀርም።

ሕጉና ጥንቃቄው

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጥን ይጠብቃል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ 1185/2012 በበኩሉ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታን ወይም አካል ጉዳትን መሠረት አድርጎ ጥላቻ የሚያነሣሣን ይቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ገጽም በሕጉ ውስጥ ተለይቶ ተጠቅሷል። ያው አዋጅ የፖለቲካ ትችትንና የሥነ ጥበብ ፈጠራን ከክልከላው ያወጣል። ሥዕላችሁ ዜና እንዳይመስል አድርጉ፤ በቅንብር የተሠራ ፎቶ ከካርቱን ይልቅ ለክስ የቀረበ ነው፣ የእጅ መስመር ግን ራሱ «ይህ ሥዕል ነው» ይላል።

በወረቀት ያለው ሕግ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ናጂ አል ዓሊ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ተተኩሶበት ሞተ፤ ሶርያዊው የካርቱን ሠዓሊ ዓሊ ፈርዛት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ደማስቆ ላይ ተይዞ ተደብድቦ እጆቹ ተሰበሩ። ጊዜው ሲከብድ ከስም ወደ ዓይነት መዞር የቆየ ብልሃት ነው። ፈረንሳዊው የካርቱን ሠዓሊ ዶሚዬ ያንኑ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ሆዳም ግዙፍ አድርጎ ሥሎ በ1832 (እ.ኤ.አ.) ታሰረ፤ በ1835 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ የፖለቲካ ሥዕልን ሲዘጋበት ሮቤር ማኬር የተባለ አጭበርባሪ ገጸ ባሕርይ ይዞ ነጋዴውንም ጠበቃውንም ባለ ባንኩንም በሱ ልክ ሰፋ። «የቀበሌው ሊቀ መንበር» ከአንድ ስም የበለጠ ብዙ ሰው ይነካል።

ገበሬውን ስትሥሉ የእውነተኛ ሰው ፊት አትቅዱ፤ የአንዱን አፍንጫ ከሌላው ጢም ጋር ቀላቅሉ፤ በሥዕላችሁ ምክንያት ከማዳበሪያው ዝርዝር ስሙ የሚጠፋው እሱ ነውና። ፎቶ ኮፒ ቤቱም የሚያባዛውን አውቆ ይስማማ፤ በተጠቀለለ ወረቀት አታታልሉት፤ ስሙንም የትም አታስፍሩ። ዋናውን ሥዕል በጠፍጣፋ ካርቶን መሐል አድርጋችሁ ከጭስና ከእርጥበት አርቁ። ጀርባው ላይ በእርሳስ የተሣለበትን ቀን፣ የተነሣበትን ማስታወቂያ ወይም ንግግርና ማስረጃው የተቀመጠበትን ጻፉ። የምንጩን ሰው ስም ግን እዚያ አትጻፉ።